ሲኒየር መባልና ሲኒየር መሆን

በሶፍትዌር ሙያ ሲኒየር ዴቨሎፐር የሚባለው ገና መልክ ያልያዘ ችግር ተሰጥቶት እስከ መፍትሔው ድረስ ሊያደርሰው የሚችል፣ የሠራው ነገር ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ለሚመጣው መዘዝም ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ ነው። የሚያውቃቸው የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ብዛትም ሆነ የአገልግሎት ዘመኑ እዚህ ውስጥ የሚገቡት በተዘዋዋሪ ነው። አሥር ቋንቋ የሚያውቅና ሁልጊዜ ምን እንደሚሠራ ተቆርጦ የሚነገረው ሰው አለ፤ በሁለት ቋንቋ ብቻ ሠርቶ የአንድ ባንክ የክፍያ ሥርዓት በእሱ ላይ የቆመ ሰውም አለ።

ትልልቅ ኩባንያዎች ማዕረጉን በደረጃ ቁጥር ያስቀምጡታል። ጉግል አዲስ ተመራቂ ዴቨሎፐርን በደረጃ 3 ሲቀጥር፣ ሲኒየር የሚለው ስም ደረጃ 5 ላይ ይመጣል። በአማዞን ደግሞ ተመራቂው በ4 ይጀምርና ሲኒየርነቱን 6 ላይ ያገኛል። በአዲስ አበባ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅቶች ውስጥ መሰላሉ አጭር ነው። አምስት ስድስት ሰው ባለበት ቢሮ ሁለት ዓመት የቆየ ልጅ ሲኒየር ሊባል ይችላል፤ አንዳንዴም ማዕረጉ የሚሰጠው ደመወዝ መጨመር ያልቻለ አሠሪ ሠራተኛውን ለማቆየት ሲል ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለው «ከፍተኛ ባለሙያ» የሚለው መደብም በአብዛኛው ከትምህርት ዝግጅትና ከአገልግሎት ዓመት ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዎች አንድ ማዕረግ ይዘው ሥራቸው ፍጹም የተለያየ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ለእያንዳንዳቸው በሚሰጠው የሥራ ዓይነት ነው።

ለጁኒየር ዴቨሎፐር የሚሰጠው ሥራ ዳርቻው የታወቀ ነው፤ «እዚህ ፎርም ላይ የስልክ ቁጥር ማስገቢያ ጨምር» ይባላል። መካከለኛው ደረጃ ላይ ያለው «የቀጠሮ ማስያዣውን ክፍል ሥራ» ይባልና ዝርዝሩን ራሱ ይጨርሰዋል። ለሲኒየሩ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ቅሬታ ነው። አንድ ክሊኒክ በምሳሌነት ይወሰድ። ሥራ አስኪያጁ «ታካሚዎች ቀጠሮ እያለፋቸው ነው፤ ማስታወሻ የሚልክ ነገር ይሠራልን» ይላል። ጥያቄውን እንደ ወረደ የወሰደ ዴቨሎፐር አጭር የጽሑፍ መልእክት መላኪያ ይሠራል፤ ችግሩ ካልተቃለለም መልእክቱን ሁለቴ እንዲልክ ያደርገዋል። ሲኒየሩ በቅድሚያ የካርድ ክፍል ሄዶ ይቀመጣል፤ በታካሚዎቹ ስልክ ላይ እስካሁን ምን እንደተላከ ያያል። መልእክቱ «ቀጠሮዎ ነገ 8:00 ነው» ይላል። ኮምፒውተሩ ጠዋት ማለቱ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ታካሚው ሰዓቱን አክብሮ መጥቷል፤ ሐኪሟ ግን ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀድማዋለች። መፍትሔውም አዲስ ሥርዓት መገንባት ሳይሆን በአገሬው አቆጣጠር «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይሆናል፤ ኮዱም ከጥቂት መስመር አይበልጥም።

እዚያው ካርድ ክፍል ውስጥ ሌላም ነገር ይታያል። አንዲት ታካሚ «ፀሐይ» ተብላ ተመዝግባለች፤ በሚቀጥለው ወር የመጣው ተረኛ ግን «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋታል። ፊደሎቹ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ ውስጥ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይገናኙ ስሞች ናቸው። ስሟ ስላልተገኘ አዲስ ካርድ ይወጣላታል፤ የደም ግፊቷ ታሪክም በአሮጌው ካርድ ላይ ይቀራል። «ገብረ ሥላሴ»፣ «ገብረሥላሴ» እና «ገ/ሥላሴ» የሚሉት አጻጻፎችም ተመሳሳይ ጣጣ ያመጣሉ። ልምድ ያለው ሰው የታካሚዋን ስም አይነካም፤ ስሟ እንደተጻፈ ይቀመጣል። ከጎኑ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠ ወደ አንድ፣ ጸ እና ፀ ወደ አንድ የተሰበሰቡበት፣ ክፍተትና እዝባር የተስተካከለበት ሁለተኛ የመፈለጊያ ቅጂ በዳታቤዙ ውስጥ ያኖራል። ፍለጋው የሚካሄደው በዚያ ቅጂ ላይ ነው። በተጨማሪም ከውጭ የመጣ ዝግጁ ፎርም «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ቢኖረው የአባትና የአያት ስም የት እንደሚገባ፣ የወር ዝርዝሩ አሥራ ሁለት ብቻ ቢሆን ጳጉሜ 3 የተወለደ ሕፃን ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ አስቀድሞ ይጠይቃል። እነዚህ ጥያቄዎች ከማንኛውም ፍሬምወርክ መማሪያ ውስጥ አይገኙም። የሚገኙት ሥራው ካለበት ቦታ ነው፤ ሲኒየርነት ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱም የተሰማሩበትን ዘርፍ፣ ባንክ ይሁን ሆስፒታል ወይም ጉምሩክ፣ ከባለቤቶቹ ባልተናነሰ ማወቅ ነው።

የሲኒየር ቀን ትልቁን ክፍል የሚወስደው አዲስ ኮድ መጻፍ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ሥራውን የሚያውቁ ግን አብዛኛው ሰዓት ሌሎች የጻፉትን በማንበብ እንደሚያልፍ ይናገራሉ። አሮጌ ኮድ በውስጡ ሰነድ ላይ ያልሰፈሩ ግምቶችን ይዞ ይኖራል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ናት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጉያና ተነሥታ አርባ ሰከንድ ያህል እንደቆየች አየር ላይ ተበታተነች። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያው ሶፍትዌር ከቀድሞዋ አሪያን 4 የተወሰደ ነበር። በዚያ ውስጥ አንድ የፍጥነት መለኪያ ቁጥር ከ64 ቢት ወደ 16 ቢት የሚቀየርበት ቦታ አለ፤ በአሪያን 4 በረራ ቁጥሩ ከ16 ቢት አቅም በላይ ስለማይሄድ ጥበቃ አልተደረገለትም። አሪያን 5 ግን ወደ ጎን የምታገኘው ፍጥነት ከፍ ያለ ነው፤ ቁጥሩ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ዋናው መሣሪያም መጠባበቂያውም በአንድ ዓይነት ስሕተት ሥራ አቆሙ። የሚያስገርመው፣ ያ የኮድ ክፍል አሪያን 5 ከመሬት ከተነሣች በኋላ ለምንም የማይጠቅም ነበር። ለዓመታት ያለ እንከን የሠራ ኮድ ያለ እንከን የሠራው በነበረበት ሁኔታ ውስጥ ነው። ሲኒየሩ «ይህ ይሠራል» ሲባል «በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ያለው ለዚህ ነው።

የተጻፈውን ኮድ ተጠቃሚው ወዳለበት ሰርቨር ማውጣት፣ በባለሙያው አነጋገር ዲፕሎይ ማድረግ፣ ጁኒየሩ እንደ ሥራው ፍጻሜ የሚያየው ሲኒየሩ ግን እንደ አደገኛው ሰዓት የሚቆጥረው እርምጃ ነው። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ድርጅት የደረሰበት በዚህ ረገድ ሁሉንም ይናገራል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ገበያው ከመከፈቱ በፊት አዲስ ፕሮግራም በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ በሰባቱ ላይ ተጫነ፣ ስምንተኛው ተረሳ። አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ቀድሞ ለሌላ አገልግሎት ይውል የነበረን አንድ ምልክት እንደገና ይጠቀምበት ነበር። በተረሳው ሰርቨር ላይ ያ ምልክት ለዓመታት ተኝቶ የነበረ አሮጌ ፕሮግራም ቀሰቀሰ፤ እሱም ያለማቋረጥ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሥርዓቱ ራሱ 97 የኢሜይል መልእክቶች ልኮ ነበር፤ እንደ ማስጠንቀቂያ የተመለከታቸው ግን አልነበረም። በድንጋጤ ውስጥ የነበሩት ባለሙያዎች አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ሰርቨሮች ሲያነሡት ደግሞ አሮጌው በስምንቱም ላይ ተቀሰቀሰ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ፤ ድርጅቱም ዓመት ሳይሞላ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተጠቃለለ።

ከኮዱ ይልቅ የጎደለው በዙሪያው ሊኖር የሚገባው ነገር ነበር። የማይሠራበት ኮድ በጊዜው አልተሰረዘም፣ ጭነቱ በሁሉም ሰርቨር ላይ መጠናቀቁን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ዓይን አልነበረም፣ ነገሩ ሲበላሽ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያስቆም መላም አልተዘጋጀም። ሲኒየር ዴቨሎፐር አዲስ ነገር ከማውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ መመለስ ይጠበቅበታል፦ መበላሸቱ በምን ይታወቃል? በስንት ደቂቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል? ጉዳቱ ስንት ሰው ላይ ይደርሳል? ለሙከራ ጥቂት ተጠቃሚዎች ላይ ብቻ መጀመር ከሦስተኛው ጥያቄ የመጣ ልማድ ነው። በኢትዮጵያም መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰውና ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት የቻሉበት አጋጣሚ ሥርዓትን የማሻሻል ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ከሙያው ውጭ ላለው ሕዝብ ሳይቀር አሳይቷል።

ስሕተት ከተፈጠረ በኋላ የሚሆነውም የዚሁ ሥራ አካል ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው ኩባንያ ውስጥ አንድ ኢንጂነር በምሽት የዳታቤዝ ችግር ሲያስተካክል በመጠባበቂያው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ሰርቨር ዳታ መሰረዝ ጀመረ። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ቢያስቆመውም ወደ 300 ጊጋባይት ከሚጠጋው ዳታ የተረፈው 4.5 ያህል ነበር። የባሰው ደግሞ አለ የተባለው ባክአፕ ሲፈለግ አለመገኘቱ ነው፤ በየዕለቱ መቀመጥ የነበረበት ቅጂ ለካ ሲከሽፍ ቆይቷል፣ ክሽፈቱን የሚነግሩት ኢሜይሎችም አልደረሱም። ኩባንያውን ያዳነው አንድ ባለሙያ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነበር። ጊትላብ የሆነውን ሁሉ ለሕዝብ ግልጽ አደረገ፤ የኢንጂነሩን ስም ሳይሆን የአሠራሩን ክፍተት መረመረ። ይህ ዓይነቱ ምርመራ አሁን በሙያው የተለመደ ሆኗል፤ ሰበቡ ግለሰቡ ነው ከተባለ ቀጣዩ ሰው ስሕተቱን ይደብቃል፣ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ አይታረምም። «ማነው ያጠፋው?» በሚል ጥያቄ የሚጀመር ስብሰባ በሚበዛበት መሥሪያ ቤት ይህን ልማድ ማስገባት ቀላል አይደለም፤ ማስገባት የሚችለው ግን ብዙውን ጊዜ ከቡድኑ ሁሉ የሚከበረው ሲኒየር ነው፤ እሱ ራሱ ያበላሸውን ቀድሞ በመናገር።

ጊዜን መገመት ሌላው ፈተና ነው። «መቼ ይደርሳል?» ሲባል ጀማሪው ነገሩ ሁሉ በሰላም ከሄደ የሚፈጀውን ጊዜ ይናገራል። ልምድ ያለው ግን ሥራውን ከፋፍሎ የትኛው ክፍል እንደሚታወቅ፣ የትኛው ገና ሳይሞከር መናገር እንደማይቻል ለይቶ ያስቀምጣል፤ «ሁሉም ለመስቀል አይደርስም፣ የክፍያው ክፍል ብቻውን ግን ይደርሳል» ይላል። ሥራ ሲዘገይ ሰው መጨመር የአለቆች የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአይቢኤምን ኦኤስ 360 ፕሮጀክት የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው «ዘ ሚቲካል ማን መንዝ» የተባለ መጽሐፍ የዘገየ ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረድቷል። አዲሶቹን ማስተማር የነባሮቹን ሰዓት ይበላል፤ መነጋገር ያለባቸው ጥንዶችም በፍጥነት ይበዛሉ። አራት ሰው ባለበት ቡድን ስድስት የግንኙነት መስመር አለ፤ ስምንት ሲሆኑ 28 ይደርሳል። ይህን ለአለቃ በማይገባ ቴክኒካዊ ቋንቋ ሳይሆን በገንዘብና በቀን ተርጉሞ መንገር የሲኒየሩ ድርሻ ነው። «አይሆንም» ማለት ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ ምን ሊሆን እንደሚችል አብሮ ማቅረብ ያስፈልጋል።

አንድ ሰው የጻፈውን ኮድ ሌላው ሳያየው አለማውጣት፣ ማለትም ኮድ ሪቪው፣ መሠረቱ የቆየ ነው። በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ማይክል ፋገን ሥርዓት ያለውን የኮድ ፍተሻ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1976 በጽሑፍ አቅርቦታል። ዛሬ ኮድ ሪቪው ስሕተት ከመያዝም በላይ ዋናው የማስተማሪያ ቦታ ነው። አንዲት ጀማሪ የክፍያ ኮድ ጽፋ አቀረበች እንበል፦ ተጠቃሚው «ክፈል» የሚለውን ሲጫን ገንዘቡ ይቀነሳል፣ ከዚያ ደረሰኝ ይመጣል። ኮዱ ተሞክሮ ሠርቷል። ገምጋሚው «ይህ ስሕተት ነው፣ ቀይሪው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ትቀይረዋለች፣ ምክንያቱን ግን አታውቅም። የተሻለው ገምጋሚ «ገንዘቡ ከተቀነሰ በኋላ ደረሰኙ ሳይመጣ ኔትወርክ ቢቋረጥ ደንበኛው ምን የሚያደርግ ይመስልሻል?» ብሎ ይጠይቃታል። ደግሞ እንደሚጫን ለማንም ግልጽ ነው፤ ገንዘቡም ሁለቴ ይሄዳል። ከዚያ እያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ከስልኩ ሲነሣ የራሱ መለያ ቁጥር ቢኖረው ሰርቨሩ ሁለተኛውን «ይህን አስቀድሜ ፈጽሜዋለሁ» ብሎ ሊያውቀው እንደሚችል ራሷ ትደርስበታለች። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህን አንድ ጊዜ የተረዳ ዴቨሎፐር በሌላም ሥራ ላይ አይረሳውም።

ግምገማው በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሆን ግን ከባድ ነው። ታላቅን መናገር እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ባህል ጀማሪው የሲኒየሩን ስሕተት አይቶ ዝም ሊል ይችላል። ቢሮው ውስጥ ሁሉም በስም ቢጠራራና «አንተ» ቢባባልም ይሉኝታው አብሮ አይጠፋም። አንዳንድ ሲኒየሮች ይህን የሚያልፉት የራሳቸውን ኮድ ለታናሹ አቅርበው «እዚህ ላይ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቀኝ እንዳታጸድቀው» በማለት ነው። ግዴታው ድፍረቱን ይተካዋል።

ቴክኖሎጂ በመምረጥ ረገድ ሲኒየሮች ብዙውን ጊዜ አሰልቺ ምርጫ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው። አዲስ የወጣ ፍሬምወርክ ከመሞከር ይልቅ ለዓመታት የታወቀ፣ ሲበላሽ እንዴት እንደሚበላሽ የሚታወቅ ዳታቤዝ ይመርጣሉ። አዲሱን መጠቀም ኃጢአት አይደለም፤ አብሮት የሚመጣው ወጪ ግን አለ፤ የመረጠው ሰው ሥራ ቢለቅ ማን እንደሚጠግነው መጠየቅ አለበት።

ወደዚህ ደረጃ የሚያደርሰው መንገድ በኮርስ ብቻ የሚያልፍ አይደለም። ከሁሉ የሚጠቅመው የራስን ሥራ ውጤት እስኪያዩ መቆየት ይመስላል። በየዓመቱ ሥራ የሚቀያይር ዴቨሎፐር ደመወዙ ያድጋል፤ የጻፈው ኮድ በሦስተኛው ዓመት ተጠቃሚው አሥር እጥፍ ሲሆን ምን እንዳጋጠመው ግን አያውቅም፤ ያን ጊዜ የሚቸገረው ሌላ ሰው ነው። ሌሊት ሥርዓት ሲቆም የሚጠራውን ተራ መቀበልም እንዲሁ ነው፤ ሎግ፣ ማለትም የፕሮግራሙን ሂደት የሚመዘግብ ማስታወሻ፣ በሌለበት ኮድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ችግር የፈለገ ሰው ከዚያ ወዲያ ያለ ሎግ አይጽፍም። ሦስተኛው መጻፍ ነው፤ ከኮዱ በፊት ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ምን አማራጮች እንደነበሩና ይህኛው ለምን እንደተመረጠ በአንድ ሁለት ገጽ ማስቀመጥ። በጽሑፍ ሲሆን የተድበሰበሰ ሐሳብ ራሱን ያጋልጣል። በአዲስ አበባ ሆነው ለውጭ ኩባንያዎች የሚሠሩ ዴቨሎፐሮች ደግሞ ይህን በፍጥነት ይማራሉ፤ ብዙ ጊዜ አለቃቸው በሚተኛበት ሰዓት ስለሚሠሩ ሐሳባቸውን የሚያስረዳላቸው የጻፉት ብቻ ነው።

ኮድ የሚጽፉ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ የዚህ ሁሉ ሚዛን ተቀይሯል። መሣሪያዎቹ የስልክ ቁጥር ማስገቢያውን በደቂቃ ይሠሩታል። ካርድ ክፍል ሄደው አይቀመጡም። ስለዚህ የሲኒየሩ ፍርድ ዋጋ ከፍ ሲል፣ ያ ፍርድ ይቀሰምባቸው የነበሩት ትናንሽ ሥራዎች ግን ለጀማሪው መድረስ እየቀነሱ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን የተነሣች አገር እንደመሆኗ ጥያቄው ሩቅ አይደለም፤ ጀማሪ በኦንላይን ኮርስ ሊፈጠር ይችላል፤ ከጀማሪነት የሚያወጣው ግን ሥራ ያለበት ቢሮና ጊዜ የሚሰጠው ሲኒየር ነው።

ከሲኒየርነት በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አስተዳደር ይሄዳል፤ ቅጥር፣ ምዘና፣ በጀትና የሰዎችን ዕድገት መከታተል ዋናው ሥራ ይሆናል፤ ኮዱም ቀስ በቀስ ከእጅ ይወጣል። ሌላው በቴክኒኩ ይቀጥላል፤ ስታፍ እና ፕሪንሲፓል የሚባሉት ማዕረጎች የሚገኙት እዚህ ሲሆን፣ ባለሙያው የአንድ ቡድን ሳይሆን የብዙ ቡድኖችን ወይም የመላው ድርጅቱን የቴክኖሎጂ ውሳኔዎች ይመለከታል። ሁለተኛው መንገድ በትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ በደመወዝ ከመጀመሪያው ጋር እኩል እንዲሄድ ሆኖ ተዘርግቷል፤ በትንንሽ ድርጅቶች ግን ብዙ ጊዜ የለም፣ ኮድ መጻፍ የሚወድ ሰውም ጭማሪ ለማግኘት ሲል ብቻ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱንም ያልመረጡ አሉ። በብዙ ኩባንያዎች ሲኒየር ከተደረሰ በኋላ ወደ ላይ የማደግ ግዴታ ስለሌለ፣ ጥቂት የማይባሉ ዴቨሎፐሮች ቀሪ የሥራ ዘመናቸውን የሚያሳልፉት በዚሁ ደረጃ ላይ ነው።